«መድኃኒቱ ቁልፍ ውስጥ ነው አሉኝ…»

ለዛሬ ያሰናዳሁት ጨዋታ ስለ ሠርግ ወጪና ስለ ሚዜዎች ጣጣ ነበር። አቆየሁት። ማክሰኞ ዕለት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝና ሚዜውም ሙሽራውም ከጭንቅላቴ ወጡ።

ደብዳቤው የመጣው ከመካነ ሰላም ነው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ ወደ ቦረና የሚዘልቀውን የደጋ መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰዉ ግን እንግዳ ሲያይ ምድጃውን ለቆ የሚነሳ ነው። ደብዳቤው በመንገደኛ እጅ ደሴ ደርሶ፣ ከደሴ ደግሞ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ጠርዙ ተቀዶ ነው እጄ የገባው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ስሜ እንዳይወጣ ብላለች፤ አይወጣም። ጥቂት አሳጥሬ እነሆ፦

«ወንድሜ፣ ጽሑፎችህን ከደሴ ሰው ሲመጣ እያስመጣሁ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ የፍቅር ጥያቄ ነው የምትመልሰው። የኔ የእናቴ ነገር ነው።

እማዬ 51 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ነው ተባለች። አዲስ አበባ ወስደን አሳከምናት። በሬውንም ላሚቱንም ሸጥን። ባለፈው መስከረም ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝና ‹አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የሚያስፈልጋት ሕመሟን ማስታገስ ነው፤ ወደ አገራችሁ ውሰዷት› አለኝ። ሞርፊን የሚባል ኪኒን ጻፈላት። እሱን እየወሰደች እማዬ ተኛች። ሳቀች እንኳ። ቡና አፍሉልኝ ብላ ጎረቤት ጠራች። አገራችን ከገባን በኋላ ኪኒኑ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዴት ልንገርህ? ጎረቤት እንዳይሰማ ሌሊቱን ነጠላዋን ነክሳ ታድራለች። መድኃኒት ቤቶቹን ዞርኩ። አንዱ ‹እንዲህ ያለ ነገር እኛ አንይዝም› አለኝ። ሌላው ወረቀቱን አይቶ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና ‹ይሄ አደንዛዥ ነው፤ ለማን ነው?› አለኝ፣ ልክ እንደ ሌባ። አንዲት ነርስ ብቻ አዝና ‹እህቴ፣ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ያለበት ቦታም ቢሆን ቁልፍ ውስጥ ነው፤ ያለ ልዩ ወረቀት አይወጣም› አለችኝ። የተሰጣት የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። እሱ ደግሞ ጨጓራዋን አቃጠላት እንጂ አላስተኛትም።

አሁን ሁለት ነገር ጨንቆኛል። አንደኛ፣ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ልጅ ‹ከሞርፊን የሚበልጥ ኪኒን አለኝ፣ በርከት አድርገሽ ከገዛሽ እቀንስልሻለሁ› ይለኛል። ሁለተኛ፣ ወንድሜ ሞርፊን የሚለውን ስም ሲሰማ እሳት ይሆናል። ‹እናታችንን ሱሰኛ ልታደርጊያት ነው? ደግሞ ቶሎ ይገድላል ይባላል፤ ነፍሷን በእጅሽ ልታወጪ ነው?› ይለኛል። የንስሐ አባቷም ልቧ ሳይጠፋ መቁረብ አለባት ብለዋል። ምን ላድርግ? ልግዛላት ወይስ ትጩህ?»

ልግዛላት ወይስ ትጩህ! ይቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሳምንቱን የከረምኩት አንድ የማውቀውን ፋርማሲስት፣ አንድ ሐኪምና አንድ ጠበቃ ስነዘንዝ ነው። ያገኘሁትን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ግን የሚያጣድፈውን።

ከመናኸሪያው ልጅ አትግዢ። «ከሞርፊን የሚበልጥ» ያለሽ ነገር ምን እንደሆነ አንቺም አታውቂም፣ እሱም ላያውቀው ይችላል። እንዲህ ባለ እጅ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ትራማዶል ነው። ትራማዶል ደግሞ ከሞርፊን መብለጥ ቀርቶ አጠገቡም አይደርስም፤ በብዙ እጅ የደከመ ነው። «እንግዲያው ስለማይበልጥ አይጎዳም» እንዳትይ። መጠኑ ሲበዛ ወይም ከአንዳንድ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሰው ያንፈራግጣል፣ እንደሚጥል በሽታ። በሐኪም እጅ፣ በልክ ሲታዘዝ ግን ደህና ማስታገሻ ነው።

(በነገራችን ላይ እናንተ የከተማ ልጆች፣ ከጫት በኋላ ለጨብሲ ብላችሁ ይህንን ኪኒን በቢራ የምታወርዱ፤ መድኃኒቱና መጠጡ ተጋግዘው ትንፋሽ ያደክማሉ። እንቅልፍ የወሰደው ጓደኛችሁ «ተመቸው» ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ።)

ከመንገድ የተገዛ ኪኒን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ እንሂድ ካላችሁ ፕሪንስን አስታውሱ። ያ ጊታር የሚያናግር አሜሪካዊ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በ57 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። መርማሪዎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ሰውየው የወሰደው የታወቀ የሕመም ማስታገሻ መስሎት ነበር፤ ኪኒኑ ግን ተመሳስሎ የተሠራና ፈንታኒል ያለበት ነው። ፈንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ የሚበረታ ነገር ነው። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ሐኪም ይዞ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ በፌስታል የተጠቀለለ ኪኒን ይዘን ምን ልንሆን ነው?

እስቲ አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ።

ሞርፊን ኦፒየም ከሚባለው የአበባ ወተት የሚወጣ መድኃኒት ነው። አንድ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየሙ ለይቶ ካወጣው 200 ዓመት አልፎታል። ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ፈንታኒል፣ ትራማዶልም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ አንዳንዱ ከአበባው፣ አንዳንዱ በፋብሪካ። ሥራቸው ሕመም ወደ አንጎል የሚልከውን መልእክት መንገድ ላይ መያዝ ነው። ጉልበታቸውም ጣጣቸውም አንድ ቦታ ነው ያለው። ሕመም ሲያስታግሱ ደስታም ይሰጣሉ፤ ሲበዙ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማሉ። ለዚህ ነው ዓለም ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1961 በናርኮቲክ መድኃኒቶች ላይ ስምምነት የፈረመው። አገራችንም አባል ናት።

ጠበቃው ወዳጄ ይህንን ስምምነት አውጥቶ መግቢያውን ሲያነብልኝ ነው ጆሮዬን የነቃሁት። ሁላችንም የምናውቀው የሚከለክለውን ግማሽ ነው። ለካ ሌላም ግማሽ አለው! እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ የሚያስፈልጉ ናቸው፣ አገሮችም ለሕክምና እንዲገኙ ማድረግ አለባቸው ይላል። መቆለፊያውና ቁልፉ በአንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፉት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ሞርፊን ውስጡ ነበር፤ ዛሬም አለ።

የእኛ አገር ሕግስ? የወንጀል ሕጋችን፣ የ1996ቱ፣ በአንቀጽ 525 ናርኮቲክ ያለ ፈቃድ የሚያመርተውን፣ የሚያዘዋውረውን፣ የሚሸጠውን በጽኑ እስራት ይቀጣል። የመናኸሪያው ልጅ ያቺ ንግዱ እዚህ አንቀጽ ደጃፍ ልታደርሰው እንደምትችል ይወቀው። ከዚያ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 661/2002 ነበር። ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። መድኃኒቱ ያለ ልዩ ፈቃድ ከውጭ አይገባም። ሐኪሙ እንደ ፓራሲታሞል በተራ ወረቀት አይጽፈውም፤ ለናርኮቲክ የተለየ ማዘዣ አለው። የሚጻፈው መጠን ልክ አለው። ፋርማሲው በተቆለፈ ቁምሳጥን ያስቀምጠዋል፤ ምን ገባ፣ ለማን ወጣ፣ ስንት ቀረ ብሎ በመዝገብ ይይዛል፤ ሪፖርት ያደርጋል።

ነርሷ የነገረችሽ እውነቷን ነው እንግዲህ። ግን ልብ በይ እህቴ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ካንሰር ያለባት እናት ሞርፊን አይሰጣት» የሚል አንድም መሥመር የለም። እንዲያውም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ እንዲሰጥ ነው የሚያስተምረው።

ታዲያ ለምን አይገኝም? ፋርማሲስቱን ይህንን ብጠይቀው ወረቀት አውጥቶ ክብ ሳለልኝ። ሐኪሙ ልዩ ማዘዣውን መያዝ አይወድም፤ አንድ ወረቀት ቢጠፋ ተጠያቂ ነው፤ «ለምን ይህን ያህል ጻፍክ?» ቢባልስ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ዳይክሎፌናክ ጽፎ ይገላገላል። ሐኪሙ ስላልጻፈ ፋርማሲው «የሚፈልግ የለም» ብሎ አያዝዝም። ፋርማሲው ስላላዘዘ የመድኃኒት አቅራቢው ወደዚያ አይልክም። አገሪቱ ደግሞ በየዓመቱ ቪየና ላለው የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ «የሚያስፈልገኝ ይህን ያህል ነው» ብላ ማስታወቅ አለባት፤ ያለፈው ዓመት ፍጆታ ትንሽ ከሆነ የሚመጣው ዓመት ጥያቄም ትንሽ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ ቀን አንድ ደፋር ሐኪም ተነስቶ ሲጽፍ መድኃኒቱ የለም። ሁለተኛ አይጽፍም። ክቡ ገጠመ።

«ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» አልኩት። «ማንም፤ ሁሉም ሕግ አክብሯል» አለኝ። የዚያን ቀን ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም ላይ በዓመት ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን የዚህ ዘር ማስታገሻ ለድሃ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነው። 0.1 ቶን ማለት አንድ ኩንታል ነው። ለሁሉም ድሃ አገር አንድ ላይ አንዲት ኩንታል፣ አንድ አህያ የምትሸከመው!

ወዲያ ማዶ ደግሞ አሜሪካ አለች። እዚያ ፐርዱ ፋርማ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ ገበያ አወጣና «ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው» እያለ ሐኪሞቹን አግባባ። የወገብ ሕመም ላለበት፣ ጥርሱን ለተነቀለ ሁሉ ይጻፍ ጀመር። ኩባንያው በ2007 ጥፋቱን አምኖ ተቀጣ፤ እሳቱ ግን ተያይዞ ነበር። በማዘዣ የጀመረው ሰው ማዘዣው ሲቆምበት ወደ ሄሮይን፣ ከዚያም ወደ ፈንታኒል ሄደ። በ2021 ብቻ በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት የሞተው ሰው ከ100,000 በልጧል፤ የሚበዛው በዚሁ ዘር ነው። የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣናት በ2016 ለሐኪሞች ጠበቅ ያለ መመሪያ አወጡ። ግን ያን ጊዜም እንኳ መመሪያው የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉትንና በመጨረሻ ዕድሜያቸው የሚታመሙትን አይመለከትም ብለው ለይተው ጽፈዋል።

የእኛ ሰዎች ወሬው ሲደርሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ ጎርፍ እየተወራ ቦረና ላይ ሰው በጥም ይሞታል።

ኡጋንዳን ልንገራችሁና ወደ እህታችን ልመለስ። አን ሜሪማን የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያ ሆስፒስ አቋቁመው ሞርፊንን በዱቄት እያስመጡ፣ በውሃ እየበጠበጡ፣ በጠርሙስ እየሞሉ የሚጠጣ አድርገው ለሕመምተኛው ቤቱ ድረስ ያደርሱ ጀመር። ርካሽ ነው። ሐኪም በየገጠሩ እንደሌለ ሲታይ ደግሞ አገሪቱ በ2004 ደንቧን አሻሽላ በማስታገሻ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲያዝዙ ፈቀደች። ቁልፉን አልሰበሩትም፤ ቁልፍ የሚይዘውን ሰው አበዙት። በእኛም አገር ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ እየሄደ ይንከባከባል። መካነ ሰላም ግን አዲስ አበባ አይደለችም።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ። መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መዞርሽን ተዪው። የግል መድኃኒት ቤት ይህንን ባይዝ አይገርምም፤ ጫማሽን ነው የጨረስሽው። ፍለጋሽን ከሐኪም ጀምሪ። አዲስ አበባ የተሰጣትን ወረቀት በሙሉ፣ በሽታውን የሚናገረውን፣ የታዘዘላትን የሚናገረውን፣ ኪኒኑ የነበረበትን ማሸጊያ ሳይቀር ሰብስቢ። ፎቶ ኮፒ አስደርጊ። መታወቂያሽንና የእሷን መታወቂያ ያዢ። ሆስፒታል ሄደሽ «የናርኮቲክ ማዘዣ የሚጽፈው ሐኪም የትኛው ነው?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብት ጠይቂ፤ ድምፅሽን ግን አታንሺ፣ የተቆጣ ሰው ወረቀት አያገኝም።

ክምችት የለንም ካሉሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። የፋርማሲው ኃላፊ ደሴ ቅርንጫፍ ላለው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጥያቄ እንዲጽፍ፤ እና ለእናትሽ ወደ ደሴ ሪፈር እንዲጻፍላት። መቼም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ስለዚህ ለደሴው ሐኪም ከየት እንደመጣሽ፣ ተመልሶ ለመምጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅብሽ ሳታፍሪ ንገሪው፤ ሕጉ የሚፈቅድለትን ያህል ቀን እንዲጽፍልሽ። ኪኒኑን ይዘሽ ስትመለሺ የማዘዣውን ኮፒና የሕክምና ወረቀቱን ከኪኒኑ አትለያቸው። ፍተሻ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ሲሉሽ ወረቀቱ ይመልስልሽ።

መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ እማማ ባዶ እጃቸውን መቆየት የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው መሰላል አለ፤ መጀመሪያ እንደ ፓራሲታሞል ያለው፣ ሲከፋ ኮዴይን ወይም ትራማዶል፣ ሲብስ ሞርፊን። ሐኪሙ ሁለተኛውን እርከን በልኩ ሊጽፍላቸው ይችላል። ዳይክሎፌናኩ ጨጓራ ካቃጠለ ይነገረው፤ ዝም ብሎ አይቀጠልም። ደግሞ አንድ ነገር፤ ካንሰር አጥንት ገብቶ ሲያም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ሕመሙን በጣም ሊቀንሰው ይችላል። ጉዞውን ከቻሉት «ይጠቅማት ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ።

ሞርፊኑ የተገኘ ቀን ደግሞ ይህንን አስታውሺ። እማማ ከመድኃኒቱ ስለቆዩ ሰውነታቸው ረስቶታል። ድሮ ይወስዱ የነበረውን መጠን ከቤትሽ ተነስተሽ አትስጪ፤ ሐኪሙ አሁን የሚላትን ብቻ። ሞርፊን ሁለት ዓይነት ነው። ቶሎ የሚሠራው በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ቀስ ብሎ የሚሠራው በየ12 ሰዓቱ ነው፤ እሱን እንዳለ መዋጥ እንጂ መስበር፣ መፍጨት፣ በውሃ ማሟሟት ክልክል ነው፤ የ12 ሰዓቱ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ትንፋሽ ያቆማል። የትኛው እንደሆነ አስጽፈሽ ውሰጂ። ከዚያ ሰዓት ጠብቀሽ ስጪ። «ሕመሙ ሲመጣ እሰጣታለሁ» ካልሽ ሁልጊዜ ሕመሙ ይቀድምሻል። ደብተር ይኑርሽ፤ ሰዓቱን፣ ፍሬውን፣ እንዴት እንዳደሩ ጻፊበት። ሐኪሙም ሲያየው ያምንሻል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀላፋሉ፣ ሊያቅለሸልሻቸውም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን የጻፈ ሐኪም የሆድ ማለስለሻም አብሮ እንዲጽፍ አስታውሺው፤ እንደ ቢሳኮዲል ያለ። ብትቀሰቅሺያቸው የማይነሱ ከሆነ፣ ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ግን የሚቀጥለውን ፍሬ አትስጪ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው። መድኃኒቱን በሳጥን ቆልፊው፤ ልጆች አሉ፣ መናኸሪያው አካባቢም ገዢ አለ። አዎ፣ ቁልፍ እዚያም ያስፈልጋል!

ወንድምሽ ይህንን ክፍል ያንብበው። ወንድሜ፣ እናትህን ስለምትወድ ነው የምትቆጣው፤ ይገባኛል። እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ በነቀርሳ ሲታመም ቤታችን ነበር። ከአንድ ሆስፒታል «ከአቅም በላይ ነው» ተብሎ ነው የወጣው። ማንም ሞርፊን የሚል ቃል አልተነፈሰልንም። አልጋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። እኛ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይጮኽም» እንለው ነበር። ከሞተ በኋላ ግድግዳውን ቀለም ቀባነው፤ ጭረቱ ግን ከቀለሙ ሥር ይታያል።

ሱስን በተመለከተ ሐኪሙ የነገረኝ ይህ ነው። ሱስ ማለት ሰው መድኃኒቱን ለደስታው ብሎ፣ እየጎዳውም ቢሆን፣ ሥራውንም ቤተሰቡንም ጥሎ ሲያሳድደው ነው። እናትህ መድኃኒቱን የምትወስደው ቡና አፍልታ ጎረቤት ለመጥራት ነው። ሰውነቷ ይለምደዋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፣ መጠኑም በጊዜ ብዛት ሊጨምር ይችላል። ይሄ ሌላ ነገር ነው። በካንሰር ሕመም ልኩን ጠብቆ የሚወስድ ሰው ወደዚያ ዓይነቱ ሱስ ሲገባ ብዙም አይታይም። ይገድላል የሚባለውም እንዲሁ፤ ከትንሽ ተነስቶ፣ እየታየ ከጨመረ ሞትን አያፋጥንም። የሚገድለው በግምት የተሰጠው ነው፣ ከመናኸሪያ የተገዛው ነው።

የንስሐ አባታቸውስ? እህቴ፣ እሳቸውን በአክብሮት ቤት ጥሪያቸው። የመጀመሪያው ማንቀላፋት ካለፈ በኋላ እናትሽ ልባቸው ይመለሳል፤ መጠኑም ለቁርባኑ ቀን እንዲመች ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል። አባ ግን አንድ ሌሊት እዚያ ቤት ቢያድሩና ነጠላ ተነክሶ ሲታደር ቢያዩ ደስ ይለኛል። ነጠላ የነከሰ ጥርስ «አቤቱ» ለማለትም አይከፈት።

ስለ መናኸሪያው ልጅ ደግሞ፣ መጠቆም ከፈለግሽ የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ስምሽን ባትሰጪም እንዲቀበሉሽ ጠይቂ። ከእሱ ጋር ግን ብቻሽን አትጋጪ።

ይህንን ጋዜጣ ደብዳቤሽን ባመጣው መንገደኛ እጅ እልክልሻለሁ። «የ12 ሰዓቱን ኪኒን እንዳትሰብሪ» የምትለዋን መሥመር በቀይ አስምሬባታለሁ። ደሴ የደረስሽ ቀን ምን እንዳሉሽ፣ ስንት ቀን እንደጻፉልሽ ጻፊልኝ። በአገራችን ሌላ ጥግም እንዲህ ያለ ደጅ ያንኳኳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶችም እንዲሁ፤ ስማችሁ አይወጣም።

የሠርጉን ጉዳይ ሳምንት እንመለስበታለን።